ለማር ሚዛን፣ ለመርዝ ዓይን

ሰቆጣ ገበያ ማር ልትገዛ ወጥተህ ነጋዴው ቆርቆሮውን አየት አድርጎ "ይኼ አምስት ኪሎ ይሆናል፣ ክፈል" ቢልህ ትስቅበታለህ። ምናልባትም ትጣላዋለህ። "ሚዛን ይምጣ" ትላለህ። ሚዛኑ ሲመጣ ደግሞ ባዶው ቆርቆሮ ስንት እንደሚመዝን ትጠይቃለህ። የዋግ ሰው በማር ላይ ቀልድ አያውቅም።

እኛ የእንስሳት ሐኪሞች ግን ሴል የሚገድል መድኃኒት ስሪንጅ ውስጥ ስንስብ "ይኼ ውሻ ሃያ ኪሎ አይሞላም?" "ይሞላል ባክህ" ተባብለን እንጨርሳለን። በቃ፣ ሃያ ሆነ። መዝገብ ላይም 20 ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ በኋላ መዝገቡን የሚያይ ሰው ሁሉ ውሻው የተመዘነ ይመስለዋል።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። የሙያ ባልደረቦቼ የምትቀየሙ ካላችሁ ተቀየሙ። መጀመሪያ የምከሰው ግን ራሴን ነው።

ውሻው መከታ ይባል ነበር። ከጋዝጊብላ ደጋ፣ ፍየልና በግ ጠባቂ። ጌታው ዕድሜያቸው የገፋ አባት ናቸው፤ ከልጃቸው ጋር ረጅም መንገድ በእግር ይዘውት መጡ። ብልቱ ላይ እንደ አበባ ጎመን የፈነዳ፣ ሲነኩት የሚደማ ሥጋ በቅሎበታል። ቀኑን ሙሉ ይልሰዋል፣ ደሙ ይንጠባጠባል፣ ዝንቡ አይለየውም። ሰፈር ውስጥ "ግደሉት፣ በሽታ ያመጣል" ተብለው ነበር። እሳቸው እንዲህ አሉኝ፦ "ልጄ፣ ይኼ ከሞተ ሌሊት በረቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ አሁን ጅብ ቢመጣ አልሰማም።"

ለማታውቁት ላስረዳ። ይህ ዕጢ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ቲቪቲ ይባላል። በውሾች መካከል በግንኙነት ጊዜ የሚተላለፍ ካንሰር ነው። ቫይረስ አይደለም የሚተላለፈው፤ ካንሰሩ ራሱ፣ በሕይወት ያለው ሴል፣ ከአንዱ ውሻ ገላ ወደ ሌላው ተሻግሮ ይበቅላል። በሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት በአንድ ውሻ ላይ የተነሳ ዕጢ ነው፤ ያ ውሻ ሞቶ አፈር ሆነ፣ ካንሰሩ ግን ዓለምን ዞሮ እዚህ እኛ ደጋ ድረስ መጣ። ውሻ እንደልቡ በሚዞርበት አገር ሁሉ አለ። እኛ አገር ደግሞ ውሻ እንደልቡ ነው የሚዞረው።

ደጉ ነገር የሚድን መሆኑ ነው። ከካንሰር ሁሉ እንዲህ በቀላሉ የሚድን ጥቂት ነው። ቪንክሪስቲን የሚባል መድኃኒት በሳምንት አንዴ በደም ሥር ይሰጣል፣ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ዙር። አብዛኞቹ ውሾች ጨርሰው ይድናሉ። መድኃኒቱ የማዳጋስካር ተወላጅ ከሆነች አንዲት አበባ የሚወጣ ነው። በሰው ሕክምናም የሕፃናት የደም ካንሰር የሚታከመው ከሌሎች ጋር በዚሁ ነው።

መጠኑ በኪሎ አይደለም የሚሰላው፤ በሰውነት ገጽ ስፋት ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር ገላ ከ0.5 እስከ 0.7 ሚሊ ግራም።

እና ያን ቀን እኔ ምን አደረግሁ? መከታን አየሁት። ፀጉሩ ድፍን ያለ የደጋ ውሻ ነው፤ ቆሞ ሲታይ ግርማ አለው። "22 ኪሎ" አልኩ። ማንም አልተቃወመኝም። የ22 ኪሎ ውሻ ገጽ ስፋት ወደ 0.79 ካሬ ሜትር ነው። በ0.7 አባዛሁት። 0.55 ሚሊ ግራም። ብልቃጡ ውስጥ 1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ 0.55 ሚሊ ሊትር ሳብኩ። ሒሳቡ ልክ ነው። አንድ ስህተት የለበትም። ኮራሁም እንጂ! እዚህ አገር ስንቱ ነው ለውሻ በካሬ ሜትር የሚያሰላ?

በሦስተኛው ቀን መብላት አቆመ። በአራተኛው ማስመለስ ጀመረ። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ልጁ ደወለልኝ። ከመቅበራቸው በፊት አንድ ነገር ለመንኩት፣ ለምን እንደሆነ ባይገባውም እሺ አለኝ። የፍየል ነጋዴ ከሆነ ጎረቤታቸው ተንጠልጣይ ሚዛን ተውሶ መከታን በጆንያ አድርጎ ሰቀለው።

14 ኪሎ።

ለቀናት ሳይበላ ስለሞተ በሕይወት ሳለ 15 ነበር እንበል። የ15 ኪሎ ውሻ ገጽ ስፋት 0.61 ካሬ ሜትር ነው። በትንሹ ልክ ብሰጠው 0.31 ሚሊ ሊትር፣ በትልቁ ልክ 0.43 ይበቃው ነበር። እኔ 0.55 ሰጠሁት። ከትልቁ ልክ በላይ ሩብ ያህል ጨምሬ፣ ከትንሹ ደግሞ እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረኝ። ያውም ለከሳ፣ መዥገር ለወረረው፣ ደሙ ላልታየ ውሻ። ፀጉሩን ነበር የመዘንኩት።

አስከሬኑ አልተመረመረም። "ምናልባት በሌላ በሽታ ይሆናል" ብሎ የሚያጽናናኝ አልጠፋም። ይሁን። ግን ቪንክሪስቲን ነጭ የደም ሴልን በሚያወርድበት፣ አንጀትን በሚያስርበት ቀን ልክ ነው ውሻው የወደቀው። እኔ ለራሴ አልዋሽም።

አሁን ወደ ክርክሩ። ይህን ታሪክ ለባልደረቦቼ ስነግር ሦስት ዓይነት መልስ ነው የማገኘው፤ ሦስቱም ያናድዱኛል።

አንደኛው፦ "ወንድሜ፣ የገጽ ስፋቱ ራሱ ግምት አይደለም እንዴ? ውሻ ገፎ ቆዳውን የለካ ማን አለ?" ይላል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ከጥያቄው የሚያወጣው መደምደሚያ ነው የተበላሸው። እውነት ነው፣ ማንም በክሊኒክ የውሻን ቆዳ አይለካም። ሜህ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1879 የገላ ስፋት ከክብደት ሁለት ሦስተኛ ኃይል ጋር አብሮ እንደሚሄድ አሳየ። በ1883 ሩብነር ትልልቅና ትንንሽ ውሾችን አነጻጽሮ የሚያወጡት ሙቀት በኪሎ ሲሰላ ቢለያይም በገላ ስፋት ሲሰላ እንደሚቀራረብ ጻፈ። በ1958 ፒንክል የሚባል ሐኪም የካንሰር መድኃኒት ልክ ከአይጥ እስከ ሰው በገላ ስፋት ሲታይ እንደሚቀራረብ አሳየ፤ ከዚያ ወዲህ ኬሞቴራፒ በካሬ ሜትር ሆነ። ለውሻ የምንጠቀምበት ቀመር ይኸው ነው፦ ክብደቱን በኪሎ ወስደህ ሁለት ሦስተኛ ኃይሉን ታወጣለህ፣ በ0.101 ታባዛለህ። አለቀ።

አያችሁ? ውስጡ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክብደት። ለሰው የሚሠራው ቀመር ቁመትም ይጠይቃል፤ ስለዚህ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ትንሽ ይደግፈዋል። የውሻው ቀመር ቁመት አያውቅም፣ ርዝመት አያውቅም፣ ክሳት አያውቅም። የነገርከውን ኪሎ ብቻ ነው የሚያምነው። 22 ካልከው 22 ነው። "ቀመሩ ራሱ ግምት ነው" የሚለው ሰው እንግዲህ በግምት ላይ ሌላ ግምት ልጨምር እያለን ነው። ቤቱ ስለሚያፈስ በሩንም ልክፈተው እንደማለት።

ሁለተኛው ትንሽ የተማረ ነው፣ ሒሳብ ይችላል። "ክብደቱን በእጥፍ ብትሳሳት እንኳ ስፋቱ በእጥፍ አይሳሳትም፤ ቀመሩ ስህተትህን ያለዝበዋል" ይላል። ይህም እውነት ነው። የ10 ኪሎ ውሻ 0.47 ካሬ ሜትር ነው፤ የ20 ኪሎው 0.94 አይደለም፣ 0.74 ነው። (ለዚህም ነው "ውሻው እጥፍ ከሆነ መድኃኒቱም እጥፍ" የሚለው ሰው የሚሳሳተው። እንዲህ የሚያደርግ አይቻለሁ፣ አልፌዋለሁም፣ ያኔ መናገር ነበረብኝ።) ግን የለዘበ ስህተት ስህተት አይደለም ያለው ማን ነው? የእኔ ስህተት ለዝቦ ለዝቦ ነው 29 በመቶ የሆነው። ለቫይታሚን 29 በመቶ ምንም አይደለም። ቪንክሪስቲን ግን በሚያድነውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ቦታ እንደ ገደል አፋፍ መንገድ ጠባብ ነው። ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ቆላ የወረደ ሰው እንዲህ ዓይነት መንገድ ምን እንደሆነ ያውቃል።

ደግሞም ቀመሩን እንደ ታቦት አትሸከሙት። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው ሌላው የካንሰር መድኃኒት ለውሻ በካሬ ሜትር 30 ሚሊ ግራም ነው። በዚህ ልክ አስሉት፦ የ5 ኪሎ ውሻ ወደ 9 ሚሊ ግራም ይደርሰዋል፤ በኪሎ 1.8 ማለት ነው። የ40 ኪሎው 35 ሚሊ ግራም ይደርሰዋል፤ በኪሎ 0.9። ትንሹ ውሻ በኪሎ ሲታሰብ የትልቁን እጥፍ ጠጣ። ትንንሾቹ ሲታመሙና ሲሞቱ ስለታየ ነው ዛሬ ለትንንሽ ውሾች ካሬ ሜትሩ ተትቶ በኪሎ 1 ሚሊ ግራም የሚሰጠው። ፈረንጅ ራሱ ቀመሩን የሚጠራጠርበት ቦታ አለ ማለት ነው። የእኛ ውሾች ደግሞ ብዙዎቹ ትንንሽና ከሲታ ናቸው። ስለዚህ ሠንጠረዡን አሳትሞ፣ ፕላስቲክ አልብሶ ግድግዳ ላይ የለጠፈ ሁሉ ሠራሁ አይበል። ከሠንጠረዡ በፊት ሚዛን፣ ከሚዛኑ በኋላ ደግሞ ጭንቅላት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው መልስ ነው ከባዱ። "ሰው መድኃኒት አጥቶ በሚሞትበት አገር ለውሻ ኬሞ?" የሚለው።

ይህን የሚለውን ሰው አልሰድብም። በጦርነቱ ጊዜ በዋግ ኽምራ መድኃኒት ማጣት ምን እንደሆነ አይተናል። በድርቁ ሰሃላና አበርገሌ ከብቱ ሲረግፍ፣ ሰው ከቀዬው ሲነቀል አይተናል። ከልጅ ላይ ተወስዶ ለውሻ የሚሰጥ ብልቃጥ ቢኖር የመጀመሪያው ተቃዋሚ እኔ ነኝ። ከሆስፒታል መደርደሪያ በትውውቅ የወጣ ቪንክሪስቲን ሌብነት ነው፤ ስሙን ማሽሞንሞን አያስፈልግም። በሕጋዊ መንገድ ተገዝቶ የሚገኝ ከሆነ ይሰጣል፣ ካልሆነ አይሰጥም።

ግን ክርክሩን ወደኋላ እናዙረው። ብርቅ ነው ካልን፣ ለሰው አልደረሰም ካልን፣ ታዲያ እንዴት ነው በዓይን የምንቀዳው? ውድ ነገር ነው የሚመዘነው። ወርቅ የሚመዘነው ብርቅ ስለሆነ ነው። ለመከታ የባከነው ሩብ ሚሊ ሊትር ለሌላ ትንሽ ውሻ አንድ ዙር ሊሆን ጥቂት ነው የጎደለው።

ደግሞስ ለውሻ ስንል ለማን ነው የምንለው? ያ ውሻ የፍየል አጥር ነው። ፍየሉ የልጅ ወተት ነው፣ የትምህርት ቤት ደብተር ነው፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ገበያ የሚወርድ ገንዘብ ነው። ደጋው ላይ ማሳውን ከዝንጀሮ የሚጠብቀው ማን ነው? ደጀ ሰላም ስለማይገባ ዋጋ የለውም ያለው ማን ነው?

በነገራችን ላይ፣ ለውሻ መድኃኒት ማውጣት ብክነት ነው የሚለው ሰው ለውሻ መርዝ ሲገዛ ትንፍሽ አይልም። በከተሞቻችን ውሻ በስትሪክኒን ሲገደል ስንት ጊዜ አየን? ሥጋ ውስጥ ተደርጎ፣ እሱም በዓይን ተመጥኖ፣ ጠዋት ተማሪ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ ለሚሞት እንስሳ። ያ በጀት ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቢውል ይሻል ነበር፤ ግን ይህን ዛሬ አልጀምረውም፣ ከጀመርኩት አላበቃም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሰቆጣ የሚለው ስም በአገር ደረጃ የታወቀው በምን ሆነና ነው? እ.ኤ.አ. በ2015 መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳንን አወጀ፤ በ2030 ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት። መቀንጨር በምን ይታወቃል? በመለካት! ቁመት በመለካት፤ የሕፃኑ ክብደትና የክንድ ዙሪያም አብሮ ይለካል። እናቶቻችን ሕፃን በተንጠልጣይ ሚዛን ሲሰቀል ማየት ለምደዋል፤ ጤና ኬላው ቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥሎ ይመዝናል። "ይኼ ልጅ ደህና ይመስላል" ብሎ በዓይኑ የሚመዘግብ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ካለ ይጠየቃል። ምክንያቱም ዓይን ይዋሻል፤ ፊቱ ያበጠ ልጅ የወፈረ ይመስላል። ፀጉሩ ድፍን ያለ ውሻም እንዲሁ።

እና የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ያ ሚዛን ለምን የለም? "በጀት የለም" አትበሉኝ። የፍየል ነጋዴው አለው። ማር ነጋዴው አለው። እህል በረንዳው አለው። ካርቶን የሚሰበስበው ልጅ እንኳ ሚዛን አለው። የሌለን እኛ ነን፣ ዲግሪ ያለን።

ነገሩ የውሻ ብቻም አይደለም። ፍየልን ለትል መድኃኒት ስናጠጣ ምን እናደርጋለን? ለበግ የተጻፈውን ልክ እንወስዳለን፤ ፍየል ግን አልቤንዳዞልን ከበግ ፈጥና ከገላዋ ታስወጣለች፣ ስለዚህ ከበግ በላይ ነው የሚያስፈልጋት። በዚያ ላይ ክብደቷን በዓይን አሳንሰን እንገምታለን። የቀረው ትል የሚሞተው ሞቶ የሚተርፈው ይተርፋል፤ የተረፈው ደግሞ መድኃኒቱን የለመደው ነው። ከዚያ "የዘንድሮ መድኃኒት ፎርጅድ ነው" እንላለን። አንዳንዴ ፎርጅድ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ፎርጅዱ ግምታችን ነው። ለአህያ ደረቷን በሜትር ለክቶ፣ ርዝመቷን ጨምሮ ክብደት የሚገመትበት መንገድ አለ፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ስንቶቻችን ነን ኪሳችን ውስጥ ሜትር ያለን?

እሺ፣ ምን ይደረግ ለምትሉ፤ እኔ ከመከታ ወዲህ የማደርገውን ልንገራችሁ።

ውሻ ሳልመዝን አልወጋም። ትንሽ ከሆነ ጌታው አቅፎት የሰው ሚዛን ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ብቻውን ይቆማል፣ ልዩነቱን እወስዳለሁ። ትልቅ ከሆነ አፉን በጨርቅ አስሬ፣ አራት እግሩ የሚወጣበት ቀዳዳ ያለው ጆንያ ውስጥ አድርጌ ተንጠልጣይ ሚዛን ላይ እሰቅላለሁ። የጆንያውን ክብደት እቀንሳለሁ፣ እንደ ማር ቆርቆሮው። ይህን በየዙሩ እደግመዋለሁ፤ ውሻው በአራት ሳምንት ይወፍራል ወይም ይከሳል፣ ያለፈው ሳምንት ኪሎ ያለፈ ሳምንት ነው። የምጀምረው ከ0.5 ነው፤ ወደ 0.7 የምወጣው ውሻው ተመችቶት ዕጢው አልቀንስ ሲል ነው። የምስበው በ1 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ነው፤ በ5 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ 0.31 ለማንበብ መሞከር ራስን ማታለል ነው። ከመውጋቴ በፊት ሙቀቱን እለካለሁ፤ የደም ጠብታ በመስታወት ላይ ቀብቼ፣ ቀለም ሰጥቼ በማይክሮስኮፕ ነጭ ሴሉን አያለሁ። ውድ ማሽን የለኝም፣ ማይክሮስኮፕ ግን አለኝ። ሴሉ ካነሰ ሳምንት እንጠብቃለን። ዕጢው ብዙ ጊዜ ይታገሳል።

ደም ሥር ላይ ካኑላ ሳይገባ አልሰጥም። አንድ ጠብታ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋው ይበሰብሳል። ጓንት አደርጋለሁ። ቤት ውስጥ እርጉዝ ካለች ከውሻው ሽንትና ዓይነ ምድር እንድትርቅ እነግራቸዋለሁ፤ መድኃኒቱ ለቀናት በዚያ ይወጣል፣ ልጆችም እንዳይነኩ። ይህን ስነግር "ይህን ያህል ነው እንዴ?" ብለው የሚደነግጡ አሉ። አዎ፣ ይህን ያህል ነው። ለዚህ ነው በዓይን የማይሰጠው።

ሚዛንም ካኑላም ማይክሮስኮፕም በሌለበት ቦታ ያላችሁ ባልደረቦቼ፣ "አልችልም" በሉ። ውሻውን ወደሚችል ሰው ላኩት። እኔ ያን ቀን "አልችልም" ብል ኖሮ መከታ ዕጢውን ይዞ ስንት ወር ይኖር ነበር። ዕጢው ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው፣ ሲገድልም። እኔ ነኝ የፈጠንኩት።

የመከታ ጌታ ባለፈው ክረምት መጥተው ነበር፣ ለፍየል መድኃኒት። ስለ ውሻው እኔ ነኝ ያነሳሁት። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ኪሎውን ጭምር። ዝም ብለው ሰሙኝና "እንዲያውም 22 ሆኖ አያውቅም፣ ስታነሳው ቀላል ነበር" አሉ። ልጁም እሳቸውም ያን ቀን አጠገቤ ቆመው ነበር። ያንን ውሻ ከቡችላነቱ ጀምሮ ሲያነሱ የኖሩት እነሱ ናቸው። አልጠየቅኋቸውም።

አሁን በሩ ላይ ተንጠልጣይ ሚዛን ሰቅያለሁ፤ በራሴ ገንዘብ የተገዛ፣ እስከ 50 ኪሎ የሚመዝን። ባልደረቦቼ መዋስ ለምትፈልጉ በገበያ ቀን ካልሆነ በስተቀር እሰጣለሁ። ውሻ ይዛችሁ የምትመጡ ደግሞ አፉን የምናስርበት ጨርቅና አንድ ጠንካራ ጆንያ አትርሱ።